ያልተፈታው ወይን

ቢቸና ውስጥ «ቅልቅል» የሚለው ቃል ለመልካም ነገር ሲነገር ተሰምቶ አያውቅም። ቅልቅል የሚባለው ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ ነው፤ ስኳር የፈላበት ማር ነው፤ ሰጋቱራ አብሮት የተፈጨ በርበሬ ነው። ስለዚህ ዘመነ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በጓሮው ከተከላቸው ሦስት ዓይነት ወይኖች የሚጠምቀው መጠጥ «የፈረንሳዮች ቅልቅል» መሆኑን ሲነግራቸው፣ ጎረቤቶቹ ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

የንስሐ አባቱ ቄስ ባንተአምላክ ብቻ ጨልጠው ጠጡና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንግዲያው የእኛ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ሁሉ ፈረንሳይ ነዋ» አሉ።

ዘመነ አልሳቀም። ሲስቅ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት የወደቀ ሰው ነው፤ በርሜል ሲያጥን በኖረበት የድኝ ጢስ ደረቱ ተጎድቶ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳይስል አይጨርስም።

«አባ፣ ይሄ ለማጭበርበር የተቀላቀለ አይደለም። አንዱ ብቻውን ስለማይችል ነው።»

«ምኑን ነው የማይችለው?»

«ብቻውን መሆንን።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩትና ሌላ ቅዳ አሉት።

ከሦስቱ ወይኖች አንደኛው ካበርኔ ይባላል። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው። ሽታው የአጋምና የተጠረበ ጽድ ነው። አዲስ ሳለ ከጠጡት አፍ ያስራል፤ ምላስ ከላንቃ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሁለተኛው ሜርሎ ነው። እሱ ቶሎ ይበስላል፤ ልክ እንደ ፕሪም ለስላሳ ነው፤ ለብቻው ሲሆን ግን ጣፍጦ የሚረሳ ነገር ነው። ሦስተኛው ካበርኔ ፍራን የሚሉት የመጀመሪያው ዘመድ ነው። ቀጭን ነው፤ ጤና አዳምና ቃሪያ ይሸታል። ከእሱ የሚጨመረው ትንሽ ነው። ሦስቱ ተቀላቅለው ዓመት ሲያልፋቸው ደረቁ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ለስላሳው ቁመት ያገኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ «ወይኑ ደረሰ» ይል ነበር። ዘመነ ግን «ተፈታ» ነው የሚለው።

ቃሉን ያመጣው ከቅኔ ቤት ነው። ከዚያ ቤት ይዞት የወጣ ሌላ ነገር የለውም።

አባታቸው ሲሞት ዘመነን ወስደው ያሳደጉት ታላቅ ወንድሙ፣ በሞጣ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ቆሎ ሲያንስ የራሳቸውን ድርሻ ለእሱ እየተዉ፣ ቃላት ሲያጠፋ ግን ከማንም ተማሪ አብልጠው እየገረፉ አሳደጉት። ዘመነ ጢሙ ገና ሳይወጣ አንድ የማርያም በዓል ላይ በጉባኤ ፊት ቅኔ እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። በሻማ ላይ የተሠራ አጭር ቅኔ ነበር። ሰሙ፣ ማለትም ከላይ የሚሰማው፣ ለሌላው እያበራ ራሱን የሚጨርስ ሻማ ነው። ወርቁ፣ ማለትም ከሥር የተደበቀው፣ ወንድሙ ነበሩ። ዘመነ በዚያ ቅኔ ለወንድሙ በአፉ ሊላቸው የማይችለውን ሁሉ ብሎ ጨርሷል። የቀረው ጉባኤው «ይበል! ይበል!» እንዲለው መጠበቅ ነበር፤ የተዋጣለት ቅኔ የሚመረቀው እንደዚያ ነውና።

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

«ሰሙ አምሯል» አሉ። «ወርቅ የለውም።»

የጉባኤው ተማሪ ሁሉ ሳቀ። ወንድምየው ወርቁን አላዩት ይሆን፣ ወይስ አይተው በሰው ፊት መወደስ አሳፍሯቸው ይሆን፣ ዘመነ እስከ ዛሬ አያውቅም። የራሱን ቅኔ ራሱ ተነሥቶ የሚፈታ ተማሪ ደግሞ መሳቂያ ነው። በማግስቱ አኮፋዳውን ጥሎ ከሞጣ ወጣ።

ሄዶ ሄዶ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአንድ ሐይቅ አጠገብ ካለ የወይን እርሻ ደረሰ። መጀመሪያ ለቀማ ላይ ሠራ፤ ቆይቶ ወይኑ በበርሜል ወደሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ቤት አስገቡት። በየዓመቱ እየመጣ ወይኖቹን የሚያዋህድ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያልተቀላቀለውን ካበርኔ አስቀመሳቸውና ምን እንዳገኙ ጠየቃቸው። ዘመነ «ሰም የለውም፤ ወርቅ ብቻ ነው» አለ። አስተርጓሚው ግራ ገባው። ጥቂት አሰበና፣ «ስለ ወርቅ ነው የሚያወራው፤ ደመወዝ ይጨመርልኝ ማለቱ ይመስለኛል» ብሎ ተረጎመለት። በዚያ ዓመት ተጨመረለት።

ደረቱ ሥራ ሲከለክለው ከየዓይነቱ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ወደ ቢቸና ተመለሰ። ወደ ሞጣ አልሄደም። ቢቸና ውስጥ እህቱ ወለተ ሐና ነበረችለት። ባሏ ሞቶባት ከልጇ ከጸደንያ ጋር ትኖር ነበር፤ ጓሮዋን ከነግንቡ ሰጠችው። በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ በአውቶቡስ ሞጣ ደርሳ ትመለሳለች፤ ስትመለስም፣

«ጋሼ ኃይሌ፣ ዘመነ እንዴት ነው፣ ሳሉ ተሻለው ወይ ብለውሃል» ትለዋለች።

እዚያም ስትደርስ፣ «ዘመነ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ ብሏል» እንደምትል ጸደንያ ነግራዋለች። መሪጌታ ስለ ሳሉ አልጠየቁም፤ እሱም ጉልበት ሳሚልኝ አላለም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ሁለቱም ግን ሰላምታውን ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ሴት ውሸት ላይ እንዲህ ተያይዘው ኖሩ።

ከዚያ ወለተ ሐና በኩላሊት ታመመች። ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በተኩስ ተዘግቶ ነበር። መኪና አልተገኘም፤ ሲገኝ ሹፌሩ ፈራ፤ ሹፌሩ ሲደፍር ኬላው ላይ መለሷቸው። መንገዱ የተከፈተው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። መሪጌታም ለቀብሯ ሊደርሱ አልቻሉም፤ ለአርባዋ እንደሚመጡ ላኩ።

ዘመነ ያን መልእክት ከሰማ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው። መካከላቸው ሆና የምትዋሽላቸው የለችም። እሱ ደረቱ ሰላም አይሰጠውም፤ ወንድሙም አርጅተዋል። በዚህ አርባ ካልታረቁ መቼም አይታረቁም።

ከመጀመሪያው ዓመት ፍሬ አንድ ጠርሙስ ነበረው፤ በእጁ ካለው ሁሉ የተፈታው እሱ ብቻ ነው። ከመደርደሪያው ሲያወርደው ጸደንያ በር ላይ ቆማ አየችው።

«አጎቴ፣ ለምን በአፍህ አትነግራቸውም? ይቅር በሉኝ ማለት ሁለት ቃል ነው።»

«ብዙ ቢሆን ይቀል ነበር» አላት።

የአርባው ዕለት ሕዝቡ በልቶ፣ ካህናቱ ጸልየው ከተበተኑ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ወንዶች ቀሩ። ቄስ ባንተአምላክ ነገሩ ገብቷቸው በሁለቱ መካከል ተቀምጠዋል። መሪጌታ ዓይናቸው ሞራ ጀምሮታል፤ አንገታቸው ቀጥኖ የጥምጥማቸውን ክብደት የተሸከመው በግድ ይመስላል። ጸደንያ ቀድታ ብርጭቆውን በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«ምንድን ነው?»

ዘመነ «ጋሼ» ሊል ነበር ሲዘጋጅ የከረመው። «ወይን ነው፣ የኔታ» አለ።

«የዘቢብ?»

«አይደለም። ከሦስት ወይን የተሠራ ነው።»

«ቅልቅል ነው፣ መሪጌታ» አሉ ቄሱ። «እኔማ መጀመሪያ ቅቤ መስሎኝ ነበር።»

የመሪጌታ ከንፈር በትንሹ ተላቀቀ። አሸተቱ። ጠጡ። የቅኔ መምህር አዲስ ቅኔ ሲሰማ እንደሚያደርገው ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረጉ።

«ለስላሳው ነው ቀድሞ የመጣው» አሉ። «ደረቁ ኋላ ነው።»

«አዎ። ለስላሳዋ ከፊት ትመጣለች። ደረቁን ሰው እንዲችለው የምታደርገው እሷ ናት። እሷ ባትኖር አፍ ያስራል።»

«እሷ ባትኖር» አሉ መሪጌታ።

«አዎ።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱ ጥቂት ነው። ቀጭን ነው። ለሽታ ተብሎ ነው የሚገባው። ቢቀርም ልብ የሚለው የለም።»

መሪጌታ እንደገና ጠጡ። በነጠላቸው ጠርዝ ዓይናቸውን ነካ አደረጉ፤ ሞራው ይሁን ሌላ አልታወቀም።

«አንተ ልጅ» አሉ፤ ድምፃቸው ከቅድሙ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሰሙን ጠጣሁት። ወርቁን ንገረኝ።»

በቅኔ ቤት መምህር ወርቁን የሚጠይቀው ቀድሞ ካገኘው በኋላ ነው። ዘመነ ይህን ያውቃል። ወንድሙ ሁሉን ፈትተው ጨርሰዋል፤ ከእሱ የሚፈልጉት በአፉ እንዲለው ብቻ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ መግባት ብቻ ነው የቀረው። ግን ቄሱ ያዩታል፣ ጸደንያ ጠርሙሱን ይዛ ቆማ ታየዋለች፤ የዚያ የማርያም በዓል ሳቅ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው ጆሮው ውስጥ ገባ። አፉ ፈጠነ።

«ወርቅ የለውም» አለ። «ወይን ነው እንጂ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ የማን ቃል እንደሆነ ዐወቀ። ሊመልሰው ፈለገ፤ ሳል ያዘው። ስሎ እስኪጨርስ መሪጌታ ብርጭቆውን ቀስ ብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር።

«እንግዲያስ ጥሩ ወይን ነው» አሉና መቋሚያቸውን ፈለጉ።

«ኧረ ይቀመጡ መሪጌታ፤ ገና ጨዋታ አልያዝንም» አሉ ቄስ ባንተአምላክ።

«መንገዱ ይዘጋብኛል።»

ሄዱ። ጸደንያ ወደ ዘመነ ዞረች።

«ምንድን ነው ያልካቸው?»

«ያሉኝን» አለ።

በማግስቱ ሊከተላቸው ነበር። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ ባዶ እጁን መሄድ አልሆንልህ አለው። ቃሉን ያበላሸው በወይን ፊት ነውና የሚያድሰውም በወይን ፊት መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ በጥር የሚለቀመው ፍሬ ይድረስ፣ አዲስ ልደባልቅ፣ ያን ጊዜ ወርቁን ከነሰሙ እነግራቸዋለሁ አለ። ቄስ ባንተአምላክ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህ እንደ ጠርሙስ ተቀምጦ የሚሻሻል መሰለህ?» ብለው ተቆጡት።

በታኅሣሥ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ወደ ጓሮ ሲወጣ ሜርሎው ጠቁሮ፣ ቅጠሉ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ካበርኔ ፍራኑም ግማሹ ሄዷል፤ የቀረውም ፍሬውን አራግፏል። ግንቡን የተደገፈው ካበርኔ ተረፈ። ዘመነ በጥር የተረፈውን ለቀመ፤ በብርዱ በደንብ ስላልበሰለ ከአጋሙ ይልቅ ቃሪያ ቃሪያ ይል ነበር። ጠምቆ በገንቦ አስቀመጠው። የሚቀላቅለው ነገር አልነበረውም። በለስላሳው ምትክ ሌላ ተተክሎ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈልጋል።

ስልክ የለም፤ ከተቋረጠ ቆይቷል። ወሬው የመጣው ከሞጣ በእግሩና በጭነት መኪና እያቆራረጠ በመጣ አንድ ነጋዴ ነው፤ የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ አልጋ ይዘዋል፣ እህል አይቀምሱም አለ። ዘመነ ገንቦውን ከፈተ። ቀመሰው። አፉ ታሰረ። ጊዜ ስላልነበረው ያንኑ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ወጣ።

ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ቆመ። ከዚያ ወዲያ አይታለፍም ተባለ። ተሳፋሪው ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ወሬ ሲያዳምጥ ዘመነ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚለውን በልቡ ያደላድል ነበር። ጋሼ፣ ደረቁ እርስዎ ነዎት። ለስላሳዋ ወለተ ሐና ናት። በሻማውም ላይ እርስዎ ነበሩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቃሉ ተደላድሎ አልቆ ነበር፤ ከዚህ በኋላ አፉ እንደማይከዳው እርግጠኛ ነበር።

ሞጣ ሲደርስ መሪጌታ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ፍትሐቱ ተደርሷል፤ ሠልስቱም ወጥቷል።

የቅኔ ቤቱ ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ባሉ ጎጆዎች ፊት ተኮልኩለዋል። ትምህርት የለም። የመምህሩ አጎዛ ዛፉ ሥር እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ከመምህሩ ሥር ሆኖ ሌሎቹን ቅኔ የሚያስነግረው ምንይሉ የተባለ ጎልማሳ ተነሥቶ እጅ ነሣው፤ የያዘውን ጠርሙስ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«የየኔታ ወንድም ነዎት? የወይኑ?»

«የወይኑ» አለ ዘመነ።

አስቀመጡት፤ ውሃ ሰጡት። ምንይሉ አጠገቡ ተንበረከከ።

«የኔታ ከቢቸና ሲመለሱ ቅኔ ሰጡን። በሦስት ወይን ላይ ነው። ፍቱ አሉን። አንዱ ሥላሴ ነው ብሎ ፈታ፤ ‹ደንቆሮ፣ ሥላሴ አፍ ያስራል?› ብለው አባረሩት። ሌላው ሌላ አለ። ማንም አልፈታው። መጨረሻ ላይ፣ ‹ወርቁን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ሲመጣ ጠይቁት› አሉን።»

«ሲመጣ ነው ያሉ?»

«ሲመጣ ነው ያሉት። ሲታመሙም መንገዱ ተከፍቷል ወይ ይሉ ነበር። አልተከፈተም እንላቸዋለን።»

«ተከፍቶ ነበር» አለ ዘመነ። «መሐል ላይ ተከፍቶ ነበር።»

ዘመነ ፎጣውን ፈታ፤ ቡሹን ነቀለ፤ ባለው ቆርቆሮ ኩባያ ቀዳላቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የጠጣ ሁሉ ፊቱን አጨማደደ፤ አንዱ ወደ ጎን ዞር ብሎ ተፋ። ምንይሉ ግን ዋጠው።

«አፍ ያስራል» አለ፤ ምላሱን ከላንቃው እያላቀቀ።

«ብቻውን ስለሆነ ነው።»

ከየኔታ ቅኔ ብዙ ጊዜ የሰሙት ቃል ነበርና የተማሪዎቹ ጆሮ ቆመ።

«ወርቁስ፣ አባታችን?» አለ ምንይሉ።

ዘመነ አጎዛውን አየ። ጉሮሮው ውስጥ ሳል ሲመጣ ተሰማው፤ ታገለና መለሰው።

«ደረቁ መምህራችሁ ናቸው» አለ። «ለስላሳዋ ወለተ ሐና የምትባል እህታችን ናት። እሷ ስትሞት ሁለታችን መቻቻል አቃተን። ወርቁ ይሄው ነው። ይቅር በሉኝ የሚል ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው የዘገየው ነው።»

ምንይሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ለቅሶ ላይ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይበል» አለ። አጠገቡ ያለው «ይበል» አለ። እያንዳንዳቸው ተራ በተራ፣ የተፋው ሳይቀር፣ «ይበል» አሉት። ዘመነ በዕድሜው ሙሉ ሰው ብሎት የማያውቀውን ቃል አንድ ሳያስቀር ሰማ፤ ሰምቶም ጥቂት ጠበቀ። ከአጎዛው በኩል ግን ድምፅ አልመጣም።